ሦስት ልጅ፣ ሦስት ክፍል፦ የቱን መጽሐፍ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ልጄ 13፣ መካከለኛዋ 9፣ ትንሹ 6 ዓመቱ ነው። ከመጪው የትምህርት ዘመን ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ቤት ልናስተምራቸው ወስነናል። ፈቃዱም ምዝገባውም አልቋል። የቀረኝ የመጽሐፍ ምርጫ ነው፤ እሱ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። ባለቤቴ «ሁሉንም የያዘ ሙሉ ጥቅል ከአንድ አሳታሚ እንግዛ። ለትንሹ የ1ኛ፣ ለመካከለኛዋ የ4ኛ፣ ለትልቁ የ8ኛ ክፍል። ምንም አይጎድልም» ይላል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። መካከለኛዋ ከዕድሜዋ በላይ የሆነ መጽሐፍ ታነባለች፤ ማባዛት ላይ ግን ገና በጣቷ ነው የምትቆጥረው። ትልቁ ሳይንስ ሲሆን አይጠግብም፤ ጻፍ ሲባል ሁለት መስመር ጽፎ ያቆማል። ትንሹ ገና ማንበብ አልጀመረም። ጠዋት ሥራ ላይ ስለምሆን የማስተምረው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ባለቤቴ ጠዋት ቤት ቢሆንም እሱም ከቤት ሆኖ ይሠራል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ልጆቿ የጨረሱትን የ5ኛ ክፍል መጻሕፍት ልስጥሽ ብላኛለች። ልውሰድ? ከየትስ ልጀምር? ግራ የገባት እናት ነኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽ አለመቀበሉ ትክክል ነው። ምክንያቱንም በደብዳቤሽ ላይ ራስሽ ጽፈሽዋል። የ9 ዓመቷ ልጅሽ በንባብ ከ4ኛ ክፍል አልፋለች፤ በሂሳብ ገና አልደረሰችም። ለእሷ 4ኛ ክፍል የሚል ጥቅል ብትገዢ ግማሹ ያሰለቻታል፣ ግማሹ ያስለቅሳታል። የትልቁም ነገር እንደዚያው ነው። በሳይንሱና በጽሕፈቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ የክፍል ቁጥር አይገለጽም። ስለዚህ በክፍል አትግዢ። ለእያንዳንዱ ልጅ፣ በየትምህርት ዓይነቱ ለይተሽ ግዢ።

የባለቤትሽም ሐሳብ ከመሬት የተነሣ አይደለም። «እንዳይጎድል» የሚለው ስጋት ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ ሁሉ ስጋት ነው። ሙሉ ጥቅል ጥቅምም አለው። የየቀኑ ዕቅድ ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ ሐሳብ ያሳርፋል። ግን ሁሉን ትምህርት የሚያሳትም ድርጅት በሁሉም እኩል ጎበዝ አይሆንም። የአንዱ ሂሳብ ግሩም ሆኖ ሳይንሱ ስስ ይሆናል። የሌላው ታሪክ ልብ ይሰቅላል፣ ሰዋስዉ ግን አሰልቺ ነው። ክፍተት እንዳይኖር የሚጠብቅሽ ዝርዝር ነው። ደህና አሳታሚ በየክፍሉ የሚሸፈኑትን ርዕሶች በቅደም ተከተል የሚያሳይ ዝርዝር በነፃ ያወጣል። የምትኖሩበት አገር ወይም ክልል የትምህርት ባለሥልጣንም የራሱ ዝርዝር ይኖረዋል። ሁለቱንም አትማችሁ አስቀምጡ። በየሦስት ወሩ ባለቤትሽ ይዞ ይመልከት፤ ምን ተሸፈነ? ምን ቀረ? ሕጉ ግድ የሚለውስ ተነክቷል? ይህ ሥራ የእሱ ቢሆን ደስ ይለኛል። ስጋቱን ወደ ሥራ ይለውጥለታል።

ስለ ሕግ ካነሣን፣ አንቺ ጨርሰሻል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን አንድ ቃል ልበል። መጽሐፍ ከመምረጣችሁ በፊት ያላችሁበትን አገር ሕግ እወቁ። ጀርመን ውስጥ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታ ስለሆነ ቤት ማስተማር በአጠቃላይ አይፈቀድም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አስቀድሞ ፈቃድ ትጠይቃለች። በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ምዝገባው፣ ፈተናውና የግዴታ ትምህርቱ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል።

አሁን ወደ ምርጫው። ትምህርቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የላቸውም። ሂሳብና ንባብ እንደ መሰላል ናቸው፤ ሦስተኛውን ደረጃ ያልረገጠ አምስተኛው ላይ አይወጣም። ማባዛት ያልያዘ ልጅ ክፍልፋይ ላይ ይወድቃል፤ ክፍልፋይ ያልያዘ ደግሞ አልጀብራ ላይ። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና የታችኛው ክፍል ሳይንስ ግን እንዲህ አይደሉም። ስለ እሳተ ገሞራ ለመማር አስቀድሞ ስለ ነፍሳት መማር አያስፈልግም። ይህን ልዩነት ከያዝሽ ገንዘብሽም ጊዜሽም ይተርፋል። በሂሳብና በንባብ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ እሱ ባለበት ደረጃ፣ የራሱን መጽሐፍ ትገዢያለሽ። በቀሩት ሦስቱንም አንድ ላይ ታስተምሪያለሽ።

ከሂሳብ እንጀምር። ብዙ ቤት የሚታመሰው እዚያ ላይ ነው።

ለመካከለኛዋ የትኛውንም የሂሳብ መጽሐፍ ከመግዛትሽ በፊት የዚያኑ መጽሐፍ የምደባ ፈተና፣ ማለትም ከየትኛው ደረጃ መጀመር እንዳለባት የሚለየውን ፈተና፣ ስጫት። ቤት ለሚማሩ ልጆች መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ብዙዎቹ አሳታሚዎች በድረ ገጻቸው ላይ በነፃ ያስቀምጡታል። ልጅቷ ብቻዋን ትሥራ። አንቺም አትርጂያት፣ ፊትሽም አይርዳት። ከመቶ 80 ገደማ ካገኘች ያንን ደረጃ ይዛዋለችና ወደሚቀጥለው ትለፍ። ከዚያ በታች ከሆነ እዚያው ትጀምር። ከነጥቡ በላይ ግን ስህተቶቹን እዪ። ቸኩላ ነው የሳተችው ወይስ ዘዴው ጠፍቷት? ስህተቱ ሁሉ ማባዛት ላይ ከተከማቸ ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልጋትም። ጥቂት ሳምንት ያንን ብቻ ሠርታ ልትቀጥል ትችላለች። ስህተቱ በየቦታው ከተበተነ ግን አንድ ደረጃ ወርዶ መጀመር ይሻላል። ወርዳ የጀመረች ልጅ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ትሄዳለች፤ የምታውቀውን እየዘለለች።

በሽፋኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታልልሽ። የአንዱ አሳታሚ 4 የሌላው 5 ሊሆን ይችላል። ሳክሰን የሚባለው የታወቀ የአሜሪካ የሂሳብ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ 5/4፣ 6/5፣ 7/6 ብሎ ነው የሚጽፈው። 7/6 ማለት ለመካከለኛ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ወይም ለፈጣን የ6ኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን ማለት ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ አሳታሚው ራሱ አውቆታል። የልጅሽ መጽሐፍ «3» የሚል ከሆነ ሽፋኑን በወረቀት ልበጪው። የ9 ዓመት ልጅ በመጽሐፍ ቁጥር አንገቷን እንድትደፋ አንፈልግም።

ቀጥሎ አቀራረቡን ለዪ። ሁለት ትልልቅ መንገዶች አሉ። አንደኛው በየቀኑ ትንሽ አዲስ ነገር ይሰጥና የቀረውን መልመጃ ካለፉት ርዕሶች ይቀላቅለዋል። ሳክሰን የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው አንድ ርዕስ ይይዝና በደንብ እስኪገባ እዚያው ይቆያል። ማዝ ዩ ሲ የሚባለው ሌላ የአሜሪካ የሂሳብ መጽሐፍ በዚህ ይታወቃል። አንዱ መጽሐፍ በዋናነት ማባዛት፣ የሚቀጥለው ማካፈል፣ ከዚያ ክፍልፋይ፣ ከዚያ አሥርዮሽ እያለ ይሄዳል። የተማረውን ቶሎ የሚረሳ ልጅ ከመጀመሪያው ይጠቀማል። ገና መግባት ሲጀምርለት ርዕስ እየተቀየረበት የሚደናገር ልጅ ሁለተኛው ይስማማዋል። ማባዛት ላይ ለቆመች ልጅ እኔ ሁለተኛውን እመርጥላት ነበር። ጊዜ ይሰጣታል። ግን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ካለፉት ርዕሶች ጥቂት ጥያቄዎችን ቀላቅለሽ ስጫት፤ ተመልሶ ያልተነካ ነገር ይጠፋል።

የሲንጋፖር ሂሳብ የሚባለውንም ሳትሰሚ አትቀሪም። መሠረቱ የሲንጋፖር ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያዘጋጃቸው መጻሕፍት ናቸው። ልጁ መጀመሪያ በእጁ የሚይዘውን ነገር ይቆጥራል። ቀጥሎ በሥዕል ያየዋል። በመጨረሻ በቁጥር ይጽፈዋል። ይህ ቅደም ተከተል አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጀሮም ብሩነር ስለ ልጆች አማማር ከጻፈው የተወሰደ ነው። ለ6 ዓመቱ ልጅሽ በጣም ይሆናል። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። የተማሪው መጽሐፍ ብቻውን አጭርና ደረቅ ይመስላል። ዋናው ትምህርት ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። ብዙ ወላጅ ለመቆጠብ ብሎ መምሪያውን ይተወዋል፤ ከዚያ መጽሐፉ አልሠራም ይላል።

የመረጥሽውን ይዘሽ ቆዪ። በየዓመቱ አሳታሚ መቀያየር በሂሳብ ላይ ጉዳት አለው። አንዱ አሥርዮሽን በ4ኛ ክፍል ያስተምራል እንበል፤ ሌላው በ5ኛ። ልጅቷ የሁለተኛውን 4 ጨርሳ ወደ አንደኛው 5 ብትሻገር አሥርዮሽ መሃል ላይ ወድቆ ይቀራል። ማንም አላስተማራትም፤ ማንምም አላስተዋለም። መቀየር ግድ ከሆነ የምደባ ፈተናውን እንደገና ስጫት፤ የሁለቱንም የርዕስ ዝርዝር ጎን ለጎን አድርገሽ አስተያዪ።

ወደ ትንሹ ልጅሽ ልምጣ። ለእሱ ይህ የንባብ ዓመት ነው። ሌላው ቢጓደል እንኳ ማንበብና መቁጠር ከያዘ ዓመቱ ተሳክቷል። በእንግሊዝኛ የምታስተምሪው ከሆነ ፊደልንና ድምፅን በሥርዓት፣ በቅደም ተከተል የሚያያይዝ መጽሐፍ ምረጪ። በአሜሪካ የተቋቋመ ብሔራዊ የንባብ ፓናል ብዙ ጥናቶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት ይህ መንገድ ጀማሪ አንባቢዎችን እንደሚረዳ ደምድሟል። ናሙናውን ስትከፍቺ ልጁ የሚያነባትን የመጀመሪያዋን ታሪክ ፈልጊ። እስከዚያ ድረስ ባጠናቸው ፊደላትና ድምፆች ብቻ ነው የተጻፈችው? ወይስ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን እንዲገምት ነው የሚጠበቀው? የሚያስገምተውን መጽሐፍ ተዪው። ሥዕል የሌለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል።

አማርኛንም ጎን ለጎን ካሰብሽ ሥራው ትንሽ ይለያል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ይሆናሉ። ብዛቱ ያስፈራል፤ ግን የየቤቱ ምልክት ስለሚመሳሰል ልጅ ከጥቂት ፊደሎች በኋላ ሥርዓቱን ይይዘዋል። የሚያስቸግረው ሌላ ነገር ነው። ሀ ሁ ሂን በዜማ ከዳር እስከ ዳር የሚወጣ ልጅ፣ ከመሃል አንድ ፊደል ነጥለሽ ብታሳዪው ይጠፋበታል። ስለዚህ ፊደላቱን አቀላቅሎ የሚያሳይና ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ትንንሽ ቃላት የሚያስነብብ መጽሐፍ ፈልጊ። የሁለቱን ቋንቋ ንባብ በአንድ ቀን አትጀምሪ። እኔ ብሆን አንዱ እግር እስኪተክል ሌላውን ጥቂት ወራት አዘገየው ነበር። ጮክ ብሎ ማንበብንና ተረት መንገርን ግን በሁለቱም ቋንቋ ከዛሬ ጀምሪ።

ለመካከለኛዋ የንባብ መጽሐፍ ጨርሶ አትግዢ። ታነባለች። የሚያስፈልጋት ጥሩ ጥሩ ሙሉ መጻሕፍትና ያነበበችውን የሚሰማት ሰው ነው። ሻርሎት ሜሰን የተባለች እንግሊዛዊት አስተማሪ (እ.ኤ.አ. 1842–1923) ልጁ አንድ ጊዜ ካነበበ ወይም ካዳመጠ በኋላ በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ታደርግ ነበር። ዘዴው ምንም ወጪ የለውም፤ ማስተዋልን፣ ማስታወስንና ሐሳብን ማደራጀትን በአንድ ላይ ያሠለጥናል። ባዶ ቦታ ሙላ ከሚል መቶ ገጽ መልመጃ ይልቅ እኔ ይህን አምነዋለሁ። ለቃላት አጻጻፍ ብቻ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጨምሪላት፤ ብዙ የሚያነብ ልጅ ሁሉ በትክክል ይጽፋል ማለት አይደለምና።

የትልቁ ልጅሽ ጽሕፈት ከመጽሐፍ በፊት ምርመራ ይፈልጋል። ጻፍ ስንለው ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ነው የምናዘው፦ እጁን ማንቀሳቀስ፣ ቃላቱን በትክክል መጻፍ፣ ሐሳቡን ማደራጀት። ያቆመው የትኛው ነው? ስለሚወደው የሳይንስ ርዕስ ጠይቂውና በቃሉ ይንገርሽ። በስልክሽ ቅጂው። ረጅምና የተያያዘ ነገር ከተናገረ ሐሳብ አላነሰውም፤ የያዘው እጁ ወይም የቃላት አጻጻፉ ነው። እንዲህ ላለ ልጅ የድርሰት መጽሐፍ መግዛት ብክነት ነው። ኪቦርድ ላይ መጻፍ ይማር፤ በየቀኑ አጭር የቃል ጽሕፈት ይሥራ። በቃሉም ሲናገር ከተበተነበት ግን ከዓረፍተ ነገር ወደ አንቀጽ፣ ከአንቀጽ ወደ ድርሰት ደረጃ በደረጃ የሚወስድ መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ሽፋኑ 5ኛ ክፍል ቢልም ከአንቀጽ የሚጀምረውን ውሰጂ። እጁን የሚያመው ከሆነ፣ ወይም ንባብም ጭምር የሚከብደው ከሆነ ባለሙያ እንዲያየው አድርጊ። ያንን መጽሐፍ አይፈታውም።

ለ13 ዓመት ልጅ ደግሞ መጨረሻውን አስቀድማችሁ አስቡ። ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ይመለሳል? ዓለም አቀፍ ፈተና ይወስዳል? አይጂሲኤስኢ የሚባሉትን የካምብሪጅ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዎች ለምሳሌ ትምህርት ቤት የማይማሩ ልጆችም በግል ተፈታኝነት፣ ፈቃድ ባላቸው ማዕከሎች ሊወስዱ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ መጽሐፉ ከፈተናው የትምህርት ዝርዝር ጋር መግጠም አለበት፤ ዝርዝሩ በየጊዜው ስለሚታደስ ልጁ በሚፈተንበት ዓመት የሚሠራበትን እዪ። የአሜሪካ ኮሌጅ የምታስቡ ከሆነ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን የውጤት ማስረጃ በአብዛኛው ወላጅ ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። የመጽሐፉን ስም፣ የተሸፈኑትን ምዕራፎች፣ የፈተና ውጤቱንና የቤተ ሙከራ ማስታወሻውን ከአሁኑ መመዝገብ ልመዱ። መንገዱ ገና ካልለየለት በሩን ክፍት የሚያቆይለት አልጀብራ ነው። ፊዚክስም ኬሚስትሪም በአልጀብራ ላይ ነው የሚቆሙት። ሳይንስ የሚወድ ልጅ ሂሳቡ ላይ ከደከመ የሚወደው ነገር 10ኛ ክፍል አካባቢ ይዘጋበታል። ስለዚህ ለእሱም የምደባ ፈተና ስጪው፤ በተለይ ክፍልፋይ፣ አሉታዊ ቁጥሮችና ንጥጥር ላይ።

አሁን ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሳይንስ። ሦስቱንም ልጆች በአንድ ርዕስ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስተምሪያቸው። ከሰዓት በኋላ ብቻ ላላት እናት ሌላ አማራጭ የለም። ሦስት የሳይንስና ሦስት የታሪክ መጽሐፍ ለየብቻ ልታስተምሪ ብትሞክሪ በሁለተኛው ወር ትደክሚያለሽ። ርዕሱ አንድ ይሁን፤ ሥራው ይለያይ። የደም ዝውውርን እንውሰድ። ትንሹ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት ይቁጠር፣ ልብን ይሣል። መካከለኛዋ ስለ ልብ ክፍሎች ታንብብና በራሷ ቃል ትንገራችሁ። ትልቁ የሦስቱንም የልብ ምት ከዕረፍት በኋላና ከሩጫ በኋላ ይለካ፣ በግራፍ ያስቀምጥ፣ ለምን እንደጨመረ በአንድ አንቀጽ ይጻፍ። አየሽ፣ ጽሕፈቱንም እዚያው አስገባነው፤ በሚወደው ነገር ላይ።

ታሪክን ከጥንቱ ጀምሮ እስከ ዛሬ በአራት ዓመት ዑደት የሚያስኬዱ መጻሕፍት አሉ። ለእናንተ ቤት ይመቻሉ። ዘንድሮ ጥንታዊውን ዘመን የሰማው ትንሹ ልጅ 10 ዓመት ሲሆነው ያው ዘመን ተመልሶ ይመጣለታል፤ ያኔ በጥልቀት ያየዋል። ለትልቁ በዚያው ዘመን ላይ ከበድ ያለ መጽሐፍና ካርታ ጨምሪለት። የሳይንስ መጽሐፍ ስትመርጪ ደግሞ የሙከራ ዕቃ ዝርዝሩን እዪ። ለዓመቱ የሚያስፈልገው ሁሉ ከፊት ተዘርዝሮ ካልተቀመጠ ሙከራዎቹ አይሠሩም፤ ዕቃ ሲፈለግ ጊዜው ያልፋል። ይህ የጋራ ትምህርት ለትልቁ ከአንድ ዓመት በላይ አይበቃውም። 9ኛ ክፍል ሲደርስ የራሱ ባዮሎጂ ወይም ፊዚክስ ያስፈልገዋል።

ሁሉንም መግዛት ደግሞ አይጠበቅብሽም። ኮር ኖውሌጅ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የታሪክና የሳይንስ መጻሕፍቱን እስከ 8ኛ ክፍል ድረስ ከነመምህሩ መምሪያ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀምጣል። ለጋራ ትምህርታችሁ ከዚያ መጀመር ትችያለሽ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመው ካን አካዳሚ የተባለ የኢንተርኔት ማስተማሪያ ከመጀመሪያው ቁጥር እስከ ካልኩለስ ድረስ ሂሳብ አለው፤ ነፃ ነው። ለትልቁ ጥሩ አጋዥ ይሆናል። ቪዲዮ ማየት ግን መሥራት አይደለም። ልጁ እያየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ወረቀት ሲሰጠው ይጠፋበታል። በቀኑ መጨረሻ ከአንቺ ፊት ሁለት ጥያቄ በወረቀት ላይ ይፍታ። ኦፕንስታክስ የተባለው ድርጅት ደግሞ ለኮሌጅና ለከፍተኛ ደረጃ የሚሆኑ የመማሪያ መጻሕፍት በነፃ ያቀርባል። የሳይንስ ጥማት ላለበት ልጅ አሁንም ማገላበጫ ይሆነዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። «ልጅዎ በማየት የሚማር ነው? በመስማት? በመንካት?» የሚል መጠይቅ ሰጥተው በዚያ መሠረት መጽሐፍ የሚያስመርጡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 አራት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ማስረጃውን ሰብስበው መርምረዋል። ልጅን በዚህ ከፋፍሎ በዚያው መንገድ ብቻ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ልጆች ደስ የሚላቸው ነገር ይለያያል፤ እሱን አክብሪ። ግን ጂኦሜትሪ በዓይን፣ ንባብ በጆሮና በዓይን ነው የሚማሩት፤ ለሁሉም ልጅ።

ከልጆቹ ቀጥሎ መጽሐፉ ለአንቺ መሆን አለበት። ይህን አጥብቄ እለዋለሁ፤ ወላጆች መጽሐፍ ሲመርጡ ራሳቸውን ይረሳሉና። የመምህሩን መምሪያ ከተማሪው መጽሐፍ በፊት አንብቢ። ናሙናው ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት እለፊው፤ እሱ ሁልጊዜ ያምራል። ከመሃል ያለ አንድ ትምህርት ያዢና ለልጁ አስተምሪው። ለማዘጋጀት ምን ያህል ፈጀብሽ? ግማሽ ሰዓት ከሆነ፣ መጽሐፉ ምንም ያህል ቢደነቅ ለአንቺ አይሆንም፤ ሦስት ልጅ ነው ያለሽ። መምሪያው ልጁ ቢሳሳት ምን እንደምታደርጊ ይነግርሻል? ለአልጀብራው ደግሞ መልሱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ አሠራሩን የሚያሳይ የመልስ መጽሐፍ ያለውን ምረጪ። ሥራ ውለሽ የገባሽ ቀን የ8ኛ ክፍል ሂሳብ እንደ አዲስ መፍታት አይኖርብሽም።

ሰዓትሽን እንዲህ አስቢው። ትንሹ ለንባብ 20፣ ለሂሳብ 20 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ሁለቱም አንቺን አጠገቡ ይፈልጋሉ። ከመካከለኛዋ ጋር ለሂሳብ 30 ደቂቃ፣ ያነበበችውን ለመስማት 10። ከትልቁ ጋር ያለሽን ጊዜ ለማረምና ለማስረዳት 30 ደቂቃ አድርጊው። የጋራ ትምህርቱ 45። ድምሩ ከሦስት ሰዓት ያንሳል፤ ይቻላል። ቁልፉ ጠዋት ላይ ነው። ለትልቁና ለመካከለኛዋ የምትመርጪው መጽሐፍ ልጁ በራሱ አንብቦ የሚሠራው ክፍል ያለው ይሁን፤ አባታቸው አጠገባቸው ሆኖ ሥራውን ሲሠራ እነሱም የራሳቸውን ይሥሩ። ሁሉ ነገር በእናት ቃል ብቻ የሚሄድ መጽሐፍ በእናንተ ቤት አይሆንም።

ሁሉንም በአንድ ቀን አትግዢ። መጀመሪያ ሂሳብና ንባብ ብቻ። በእነዚህ ሦስት ሳምንት ያህል ቆዩ፤ ቀኑ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ የጋራውን ታሪክ ወይም ሳይንስ ጨምሪ፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት መጀመር የለብሽም። ጽሕፈት የመጨረሻው ይሁን፤ እስከዚያ የትልቁ ችግር ምን እንደሆነ ትለዪዋለሽ።

መጽሐፉ አልሠራም የምትዪበት ቀንም ይመጣል። ልጅ ሲያለቅስ የመጀመሪያው ጥርጣሬሽ መጽሐፉ ላይ አይሁን፤ ደረጃው ላይ ይሁን። ሁለት ምዕራፍ ወደ ኋላ መልሺውና እዪ። እዚያ ላይ ከቀለለው የጎደለው መሠረት ነው። ወደ ኋላም ተመልሶ ከከበደው የትምህርቱን ርዝመት በግማሽ ቀንሺ። ይህን ሁሉ አድርገሽ ከአንድ ወር በላይ ከተጨነቀ ያኔ ቀይሪ፤ በዓመቱ መሃልም ቢሆን። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ገጽ የመጨረስም ግዴታ የለብሽም። ብዙዎቹ ለ36 ሳምንት የተዘጋጁ ናቸው፤ ልጁ የያዘውን መልመጃ መዝለል መብትሽ ነው።

የጓደኛሽን መጻሕፍት በተመለከተ፣ ውሰጂ። የታሪኩና የሳይንሱ ለጋራ ትምህርታችሁ ይሆናሉ። የንባብ መጻሕፍቱን መካከለኛዋ በአንድ ወር ትጨርሳቸዋለች። የሂሳቡን ለአሁኑ አታስጀምሪያት፤ ከምትመርጪላት ተከታታይ ጋር አንድ ከሆነ ለወደፊቱ አስቀምጪው፣ ካልሆነ ለሌላ ስጪው። የመልመጃ መጻሕፍቱ ተጽፎባቸው ከሆነ አይጠቅሙሽም። የመምህሩ መምሪያ ካለ ከተማሪው መጽሐፍ ጋር የአንድ እትም መሆኑን ከጀርባ ሽፋኑና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አረጋግጪ፤ እትሙ ከተለያየ የገጽ ቁጥሩም መልሱም አይገጥምም። የመልስ መጽሐፎቹ የት እንዳሉም ጠይቂያት፤ ብዙ ጊዜ ተለይተው ሌላ ቦታ ይቀመጣሉና ይረሳሉ።